የደም ካንሰር ሲያገረሽ፦ ኬሞ ወይስ ዴክሳ?

አጎቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ከርመው ጥቅምት ላይ ወገባቸውን ያዛቸው። «ብርድ ነው» አሉ። መንዝ ላይ በጥቅምት ወገቡን የማያመው ሰው ስለሌለ ማንም አልተከራከራቸውም። ደብረ ብርሃን እኔ ጋ መጥተው ደም ሲመረመሩ ግን ነገሩ ብርድ አልነበረም። ማይሎማ የሚባለው የደም ካንሰራቸው አገርሽቷል።

ቤተሰቡ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «አዲስ አበባ ሄደው ኬሞ ይጀምሩ» አለ። ሌላው «በ71 ዓመታቸው ምን ያንገላታቸዋል? ዴክሳውን እቤታቸው ይዋጡ» አለ፤ ዴክሳ የሚሉት ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን ነው። እሳቸው ደግሞ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ከብቶቹን ማን ያያል?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። ይህን የምጽፈው በዚያ ሳምንት ብናውቀው ኖሮ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀርልን የነበረውን ነገር ነው። ውሳኔው የእናንተና የሐኪማችሁ ነው። ግን ባዶ እጃችሁን አትግቡ።

ጥያቄው ራሱ ትንሽ ጠማማ ነው

«ኬሞ ወይስ ስቴሮይድ» ሲባል ሁለቱ ባላንጣ ይመስላሉ። አይደሉም። አብዛኛው የማይሎማ ሕክምና ውስጥ ስቴሮይድ አለበት። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ከሌላው መድኃኒት ጋር አብሮ ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያበረታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ስቴሮይዱ ብቻውን ይሁን ወይስ ሌላ ይታከልበት?» የሚለው ነው። እኛ ይህን እስክንረዳ ሦስት ቀን ተጨቃጭቀናል።

«ኬሞ» የሚለው ቃልም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሜልፋላንና ሳይክሎፎስፋማይድ በጥንቱ ትርጉም ኬሞ ናቸው። የሚባዛውን ሕዋስ ዘረ መል ጎድተው ይገድሉታል። ቦርቴዞሚብ ሥራው ሌላ ነው። ሕዋሱ ያረጀ ፕሮቲኑን የሚፈጭበትን ወፍጮ ይዘጋበታል፤ ሕዋሱም በራሱ ጥራጊ ታፍኖ ይሞታል። ታሊዶማይድና ሌናሊዶማይድ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ጭምር ያነሳሳሉ። በሕመምተኛና በአስታማሚ አፍ ግን ሁሉም «ኬሞ» ነው። እኔም እዚህ እንደዚያው እላለሁ።

ስቴሮይዱስ? ሰውነታችን ራሱ ከኩላሊት በላይ ካለች እጢ የሚያመነጨው ሆርሞን አለ። ዴክሳ የዚያ ዘመድ ነው። የሊምፍ ወገን የሆኑ ሕዋሳት ብዛት ያለው ዴክሳ ሲደርሳቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ማይሎማ የፕላዝማ ሴል ካንሰር ነው፤ ፕላዝማ ሴል፣ ማለትም መከላከያ ፕሮቲን የሚሠራው የደም ሕዋስ፣ ደግሞ ከዚያው ወገን ነው። ስለዚህ ይሠራበታል። በሊምፎማና ሊምፎብላስቲክ በሚባለው የልጆች ሉኬሚያ ላይም ይሠራል፤ እዚያም ቢሆን ብቻውን አያድንም። ማይሎይድ የሚባሉት ሉኬሚያዎች ዘራቸው ሌላ ነው፤ ስቴሮይድ አይገድላቸውም። ሥር የሰደደው ማይሎይድ ሉኬሚያ እንዲያውም ኢማቲኒብን በመሰለ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ነው የሚያዘው።

ስለዚህ «እገሌ በዴክሳ ተነሳ» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «በሽታው የትኛው ነበር?» በሉት። ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

አንድ ነገር በቅንፍ። እብጠት ወጥቶበት ገና ናሙና ያልተወሰደለት ሰው ዴክሳ ወይም ፕሬድኒሶሎን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ እንዳይጀምር። እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ሰውየው ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ናሙናው ሲወሰድ ሐኪሙ የሚያየው ነገር ያጣል። ከዚህ በኋላ የምለው በአብዛኛው ስለ ማይሎማ ነው፤ የማውቀው እሱን ነውና።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት የኛን ጥያቄ ፊት ለፊት ጠይቆታል። 669 ማይሎማ ያገረሸባቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ቦርቴዞሚብ ብቻ፣ ሌላው ከፍተኛ መጠን ያለው ዴክሳ ብቻ ወሰደ። በሽታው በደንብ የቀነሰላቸው በቦርቴዞሚብ 38 ከመቶ፣ በዴክሳ 18 ከመቶ ነበሩ። በሽታው እንደገና እስኪነሳ ያለው መካከለኛ ጊዜ 6.2 ወር ለ3.5 ወር ሆነ። ከዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 80 ከመቶ ለ66 ከመቶ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ሌናሊዶማይድን ከዴክሳ ጋር ያጣመረ ጥናት በሰሜን አሜሪካ ወጣ። ጥምሩ በሽታውን 11.1 ወር ሲይዘው ዴክሳ ብቻውን 4.7 ወር ያዘው። ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 29.6 ወር ለ20.2 ወር ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። አቅም ካለ፣ መድኃኒቱ ከተገኘ፣ አካሉ ከቻለ ጥምሩ ይበልጣል። አጎቴን ግን የገረማቸው ሌላው ቁጥር ነው። «18 ማለት ከአምስት አንድ ሊሞላ ነው፤ ዴክሳውም ዝም ብሎ ውኃ አይደለም» አሉ። ልክ ናቸው። ዴክሳ ብቻውን ይሠራል፤ ባነሰ ሰው ላይና ባጠረ ጊዜ።

ደግሞ «ዴክሳ ብቻውን ከሆነማ መጠኑን እንጨምረው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በእነዚያ ጥናቶች ዴክሳ በቀን 40 ሚሊግራም፣ በአንድ ዙር 12 ቀን ድረስ ይሰጥ ነበር። በኋላ ገና ሕክምና በሚጀምሩ 445 ሰዎች ላይ ሌናሊዶማይድ ከከፍተኛው ዴክሳና በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሚሰጥ 40 ሚሊግራም ጋር ተነጻጸረ። ውጤቱ በ2010 ወጣ። ከዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በትንሹ መጠን 96 ከመቶ፣ በብዙው 87 ከመቶ ነበሩ። ብዙ ዴክሳ ካንሰሩን ቶሎ ያወርደዋል፤ ሰውየውንም አብሮ ያወርደዋል። ዛሬ በሳምንት አንዴ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ከ75 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ 20 ይወርዳል።

ስለ ፍሬ ቁጥር

ይህን ክፍል ለብቻው ያደረግሁት ተናድጄ ነው።

ሐኪሙ «በሳምንት አንድ ቀን 40 ሚሊግራም፣ አሥር ፍሬ» አሉ። ባለ 4 ሚሊግራሙን አስበው ነው። ያ ከመድኃኒት ቤቱ ጠፋ። አንድ ሌላ መድኃኒት ቤት ባለ 0.5 ሚሊግራሙን ሰጠን። ማንም ምንም አላለም። እኛም አሥር ፍሬ ቆጥረን ሰጠናቸው። 5 ሚሊግራም መሆኑ ነው፤ የታዘዘው አንድ ስምንተኛ። 40 ለመሙላት 80 ፍሬ ይፈልግ ነበር!

ሦስት ሳምንት እንደዚያ ሄደ። ቤተሰቡም «ይኸው፣ ዴክሳው አልሠራም» ብሎ ፈረደ። ዴክሳው መቼ ተሰጠና! ስለዚህ በማስታወሻችሁ የሚጻፈው የፍሬ ቁጥር ሳይሆን ሚሊግራም ይሁን። ካርቶኑን አትጣሉት፤ በቀጠሮው ቀን ይዛችሁት ሂዱ።

እቤት ውስጥ ሲታዩ

በወረቀት ላይ ኬሞ አስፈሪ፣ ስቴሮይድ ለስላሳ ይመስላል። እቤት ስትኖሩበት ግን እንደዚያ አይደለም።

የዴክሳው ቀን ማለት አጎቴ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተው የባሕር ዛፍ ግንድ ሲፈልጡ ማለት ነው። ጎረቤት ሌባ የገባ መስሎት ወጣ። ምግብ ይበላሉ፣ ያወራሉ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ስለተሸጠ ወይፈን ይከራከራሉ። ባለቤታቸው እትዬ «ድነውልኛል» ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ጭራሽ ሌላ ናቸው። ይደክማሉ፣ ይከፋቸዋል፣ ለማንም አይመልሱም። ይህ መውጣትና መውረድ የመድኃኒቱ ነው፤ የጠባይ አይደለም። ጠዋት ከቁርስ ጋር ሲዋጥ እንቅልፉ ትንሽ ይሻላል። ስቅታም ያመጣል፤ ለሁለት ቀን የማይለቅ ስቅታ። ጠንቋይ ሳትፈልጉ ለሐኪሙ ንገሩት።

ከዚያ ውጭ ስኳር ይወጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ይነሳል፣ የጭን ጡንቻ ይሟሟና ከመደብ መነሳት ያቅታል። ስኳር ያለበት ሰው ዴክሳ ሲጀምር የስኳር መድኃኒቱ መጠን እንደገና መታየት አለበት። በየቀኑ ለሳምንታት ሲዋጥ የቆየ ስቴሮይድ በድንገት አይቆምም፤ የሰውነት እጢ ሥራውን ትቶ ስለሚተኛ ቀስ እያሉ ነው የሚቀንሱት።

የኬሞው ጣጣ እንደ ዓይነቱ ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ ነጭ የደም ሕዋስን ያወርዳል፣ ፊኛን ያቃጥላል፤ ብዙ ውኃ መጠጣት ያሻል። ታሊዶማይድ ያስተኛል፣ ያደርቃል። እሱም ሌናሊዶማይድም ፅንስን ክፉኛ ይጎዳሉ፤ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ቤት ውስጥ ካለች ለሐኪሙ መነገር አለበት፣ ክኒኑንም መክፈት አይገባም። ሁለቱም ከዴክሳ ጋር ሲሆኑ እግር ላይ ደም ያረጋሉ። ስለዚህ ደም የሚያቀጥን ነገር አብሮ ይታዘዛል። ከመሐል ሜዳ በጣርማ በር በኩል እስከ አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጥ ሰው በየመንገዱ ይውረድ፣ ይራመድ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የቦርቴዞሚብ ዋና ጣጣ እግር ማደንዘዝ ነው። አጎቴ አንድ ቀን «እርካቡ የለም» አሉ። እርካቡ ነበረ፤ እግራቸው ነው ያልተሰማው። ይህን ስንናገር መጠኑ ተቀነሰላቸው። ብንዘገይ ኖሮ ማደንዘዙ ላይመለስ ይችል ነበር። በደም ሥር ከሚሰጠው ይልቅ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ይሻላል፤ በ2011 በወጣ ንጽጽር የነርቭ ጉዳት በደም ሥር 53 ከመቶ፣ ከቆዳ ሥር 38 ከመቶ ላይ ታይቷል። አልማዝ ባለጭራም ያስነሳል፤ መከላከያው አሲክሎቪር ስለሆነ ታዞላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

ትኩሳት

በሁለቱም መንገድ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። በኬሞ ነጭ ሕዋስ ሲወርድ ትኩሳቱ በግልጽ ይመጣል። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ዴክሳ ግን ትኩሳቱን ይደብቃል። ሰውየው አይግልም፣ አያቃስትም፤ ውስጥ ውስጡን ግን ሳንባው ይቆስላል። ስለዚህ በዴክሳ ላይ ያለ ሰው ድንገት ከደከመ፣ ከተምታታበት ወይም ትንፋሽ ካጠረው ቴርሞሜትሩ 37 ቢልም አትመኑት።

ሸዋ ሮቢትና ቀወት አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ችግር አለባችሁ። እዚያ ትኩሳት ሲባል ሁሉም ወባ ይላል። ወባ ሊሆን ይችላል፤ ይመርመር። ግን ጤና ጣቢያ ስትገቡ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል «የደም ካንሰር መድኃኒት ላይ ነው» ይሁን።

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ስለ ቲቢ፣ ስለ ጉበት ቫይረስ ቢ እና ስለ አንጀት ትል ጠይቁ። ሦስቱም ተኝተው ቆይተው ስቴሮይድ ሲገባ ይነሳሉ። በባዶ እግሩ ያደገ ሰው ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ የሚኖር ትል አለ፤ ዴክሳ ሲያገኝ በሰውነት ሁሉ ይበተናል።

ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ለጊዜው ይቅር። ደብረ ብርሃን ላይ ወተት አፍልቶ መጠጣት ለአንዳንዱ ሽማግሌ ስድብ ነው፤ ቢሆንም ይፈላ። አረቄውም ይቅር። ጾምን በተመለከተ አጎቴ የንስሐ አባታቸውን አነጋገሩ፤ ታማሚ ነዎትና ይብሉ ተባሉ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል መሄድም ፈልገው ነበር። ሐኪሙ አልከለከሉም። ነጭ ሕዋሳቸው ከፍ ያለበትን ሳምንት መረጡላቸው፣ መድኃኒቱንም ይዘው ሄዱ።

ስቴሮይድ ብቻውን ትክክል የሚሆንበት ጊዜ

አለ፤ ያውም ጥቂት አይደለም።

አንደኛው ድልድይ ሲሆን ነው። ሌላው መድኃኒት እስኪገኝ ወይም አልጋ እስኪለቀቅ ዴክሳ በሽታውን ይይዘዋል። ካልሲየም ሲወጣ፣ ማለትም ሰውየው ውኃ ሲጠማው፣ ሆዱ ሲደርቅና ሲምታታበት፣ ዴክሳ በደም ሥር ከሚሰጠው ፈሳሽ ጋር ይረዳል። ዕጢው አከርካሪ ላይ ተጭኖ እግር ሲከዳ ወይም ሽንት ሲያቅት ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ዴክሳ ወዲያው ይሰጣል፣ ጨረር ይከተላል። ይህን ምልክት በወገብ ሕመም ስም እያሹ የሚያሳልፉ ሰዎች አሉና እባካችሁ።

ኩላሊትም ይታሰባል። ሌናሊዶማይድ ኩላሊት ሲደክም መጠኑ ይቀነሳል፤ ዴክሳና ቦርቴዞሚብ በዚያ በኩል የሚያስቸግሩ አይደሉም። ደግሞ ለወገብ ሕመሙ ዲክሎፌናክ የሚወጋ ማይሎማ ያለበት ሰው ኩላሊቱን በገዛ ገንዘቡ እየገደለ ነው። ፓራሲታሞል ካልበቃ ሌላ የሕመም ማስታገሻ አለ፣ ይጠየቅ።

ከዚያ አቅም የሚባለው አለ። የልብ፣ የዕድሜ፣ የኪስ፣ የመንገድ። ቦርቴዞሚብ መጀመሪያ በሳምንት ሁለቴ ነበር የሚሰጠው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚችለው ጤነኛ ሰው ነው። «በሳምንት አንዴ ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቻላል፤ እኛም እንደዚያ ነው ያደረግነው። የጤና መድን ያላችሁ ሪፈር ሳታስጽፉ እንዳትነሱ። ዘልላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ደግሞም ሰው «ይበቃኛል» ሊል ይችላል። ምርመራው፣ መርፌው፣ አውቶቡሱ የሰለቸው ሰው ዴክሳ በትንሹ እየወሰደ፣ ሕመሙ ታግሶለት እቤቱ መሆን ከመረጠ ይህም ሕክምና ነው። ልጆች ይህን መስማት አይወዱም።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ ለጊዜው ምንም አለመስጠት። አንዳንዴ የሚያገረሸው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ማይሎማው ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ቀስ ብሎ ይወጣል፤ አጥንቱም፣ ኩላሊቱም፣ ደሙም፣ ካልሲየሙም ደህና ነው። ያኔ ሐኪም በቅርብ እየመረመረ ሊጠብቅ ይችላል። የአጎቴ እንደዚያ አልነበረም፤ አጥንታቸው ተነክቷል፣ ደማቸውም ወርዷል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ደም ሲያንስ ትንፋሽ ለማሳጠር አንድ ዳገት ይበቃል።

ሐኪሙ ፊት ምን እንደጠየቅን

የፊተኛው ሕክምና ለምን ያህል ጊዜ እንደያዘ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ረጅም ጊዜ ይዞ ከነበረ ያው መድኃኒት ሊደገም ይችላል። መድኃኒቱ ላይ እያሉ ወይም ካቆሙ በ60 ቀን ውስጥ ከተነሳ ግን በሽታው ለምዶታል፤ መቀየር አለበት። የአጎቴ የፊተኛው ታሊዶማይድ፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ዴክሳ ነበር። ሁለት ዓመት ስለያዘላቸው ዴክሳው ገና አልተሸነፈም ተባልን።

በመጨረሻ የሆነው እንዲህ ነው። ቦርቴዞሚቡ እስኪገኝ አምስት ሳምንት ዴክሳ ብቻ ወሰዱ። ሦስቱ ሳምንት በዚያ በፍሬው ስህተት ባከነ፣ ሁለቱ በትክክል ሄደ። ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ቦርቴዞሚብ ከሳይክሎፎስፋማይድና ከዴክሳ ጋር። ከአራት ዙር በኋላ ፕሮቲኑ ከግማሽ በታች ወረደ። እግራቸው አሁንም ይደነዝዛል፣ በቅሎም አይቀመጡም። ከብቶቹን የእትዬ ወንድም ያያል፤ አጎቴ በአያያዙ አይስማሙም። ረቡዕ ረቡዕ ሌሊት፣ ዴክሳው ገና ሳይወርድ፣ እየደወሉ ይነግሩታል።